አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠየቅበት ቤት

ሐሙስ፣ የካቲት 6

የምወድህ አባዬ፣

እንዴት ከርመሃል? ሱቁስ፣ ያ ነጭናጫ የስፌት መኪናህስ፣ አክስቴስ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁም፣ ወፍሬ ቀሚሴ አልዘጋ ብሎኛል፤ ጎኑን ትለቅልኛለህ። ግን ከመወፈሬ በፊት በረሃብ ልሞት እንደነበር አልነገርኩህም። አሁን ሁሉንም ልነግርህ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

አሥራ ሁለታችንንም ተማሪዎች ቋንቋውን ከሰዉ አፍ እንድንለምደው ብለው በየቤቱ ሲያከፋፍሉን፣ እኔ አንዲት ጡረታ የወጣች አዋላጅ ደረሰችኝ። ብቻዋን ነው የምትኖረው። አጭር ናት፣ ፈጣን ናት፤ ማሰሮ እንኳ ስትከፍት ምጥ ላይ ያለ ሰው የሚጠብቃት ትመስላለች። የመጀመሪያው ቀን እራት ላይ ድስቱን አቅርባ፣ "ትበያለሽ?" አለችኝ።

አንተና እናቴ ነፍሷን ይማርና ያሳደጋችሁኝ ጨዋ ልጅ አይደለሁ? "አይ፣ ጠግቤያለሁ" አልኩ። ከዚያ "በሞቴ" እስክትለኝ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። እሷ ግን "እሺ" ብላ ድስቱን ከደነችና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባችው። እኔና ማቀዝቀዣው ተፋጠን ቀረን።

በማግስቱም ያው። ምናልባት እዚህ አገር የሚለምኑት በሁለተኛው ቀን ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልለመነችኝም። ትምህርት ቤቱ በሚሰጠን ሻይና ብስኩት ነፍሴን አቆየሁ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሐይቁ ላይ ወፍ ልንቆጥር ወጣን። እንደነገርኩህ የትምህርታችን ዋናው ሥራ ይሄ ነው። አስተማሪያችን፣ "ረጅሙ" ነው የምንለው፣ ጀልባ ላይ ከአገሩ ቋንቋ በቀር ሌላ እንዲነገር አይፈቅድም። ውሃው ጸጥ ብሎ፣ ጉሙ ከሸንበቆው ላይ እየተነሣ፣ እንደዚያ ያለ ማለዳ አይቼ አላውቅም ብዬ እየተደነቅኩ ሳለ ረሃቡ ባሰብኝ። በቋንቋቸው የዘጠኝ ዓይነት ዳክዬ ስም አውቃለሁ፤ "ራበኝ" የሚለውን ግን ማንም አላስተማረኝም። ሆዴን ይዤ ተቀመጥኩ። ረጅሙም ደንግጦ ቤት አደረሰኝ።

አዋላጇ ፊቴን አየች፣ ሆዴን አየች፣ ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፈች ትጠይቀኝ ጀመር። ዘጠነኛው ጣት ላይ የስንት ወር ነፍሰ ጡር እንደሆንኩ እየጠየቀችኝ መሆኑ ገባኝ። አትደንግጥ አባዬ! ሮጬ ማቀዝቀዣውን ከፈትኩትና ድስቱን አቀፍኩት። እሷም ወለሉ ላይ ቁጭ እስክትል ድረስ ሳቀች። አብልታኝ ስታበቃ፣ እንዲገባኝ ብላ ቀስ እያለች፣ "እዚህ ቤት አንድ ጊዜ ነው የምጠይቀው" አለችኝ። "ከፈለግሽ አዎ፣ ካልፈለግሽ አይ። ሰው ሆድ ውስጥ ያለውን ማውጣት ድሮ ቀረ፤ ጡረታ ወጥቻለሁ።"

ደረቅ እንዳትመስልህ። ዝናብ የጣለ ቀን የራሷን ቦት ጫማ አጥልቃልኝ፣ እሷ በነጠላ ጫማ ጭቃውን እያቦካች እስከ ጀልባው ሸኝታኛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤቱ ጀርባ ባለው ጫካ ይዛኝ ትወጣና የዛፉን ስም በትክክል ሳልጠራ አታሳልፈኝም። ጎረቤቶቿም እንደዚያው ናቸው። ዓሣ አጥማጁ ሰላምታዬን ሳያርም አልፎኝ አያውቅም፤ ካረመኝ በኋላ ደግሞ ዓሣ ያስይዘኛል። አሁን ሲጠይቁኝ በአንድ አፍ "አዎ" ነው የምለው።

ስቆጥር ብታየኝ ደግሞ! መንጋው ብድግ ሲል ሌሎቹ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይሯሯጣሉ። እኔ አሥሩን በዓይኔ እለካና፣ ያ አሥር ስንት ጊዜ እንደሚገባበት አያለሁ። ረጅሙ ፎቶ አንሥቶ አንድ በአንድ ሲቆጥረው እኔ ካልኩት ብዙም አይርቅም። "ከየት ተማርሽው?" አለኝ። "አባቴ ደንበኛው ገና በር ላይ ሳለ ወገቡን ያውቀዋል፤ ሜትሩን የሚያወጣው ለክብር ነው" አልኩት። በቋንቋቸው ነው ያልኩት፣ አንድም ሳልሳሳት።

በዚህ የተነሣ ከአሥራ ሁለታችን ለእኔ ብቻ አንድ ዓመት ጨምሬ እንድማር ቦታ ሰጡኝ። ልቆይ ወይስ ልምጣ ብዬ ጻፍኩልህ። "ምንም አልጎደለብኝም፣ እዚያው ቆዪ። ሥራ ስለበዛብኝ ነው አክስትሽ የጻፈችልኝ" የሚል መልስ መጣ፤ ከሰፋህልኝ ኮት ጋር። ደስታዬን አትጠይቀኝ። ለመፈረም እስክሪብቶ አንሥቼ ነበር። ብርድ ነበርና አስቀድሜ ኮቱን ለበስኩት።

አባዬ፣ እኔ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ። የቁልፍ ቀዳዳ ለማሽንም ለሠራተኛም አትሰጥም፤ በእጅህ ነው የምትሠራው። የዚህ ኮት ሦስተኛው ቀዳዳ ከቁልፉ አንድ ጣት ወርዷል። የሁለተኛው ጠርዝ ሳይሰፋ የታለፈ ቦታ አለው። ኮቱ ሰማያዊ ነው፣ ክሩ ጥቁር። ለአንዲት ለተዘለለች ስፌት ሙሉ እጅጌ ሲፈታ ያየሁት ሰው ይህን አይቶ አይልክልኝም። ሳታየው ነው የላክኸው። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አዋላጇ እንደ ልማዷ አንድ ጊዜ ጠየቀችኝ። ኮቱን አሳየኋትና ነገርኳት።

"ጠይቂዋ አባትሽን" አለች።

"ጠየቅኩት። ምንም አልጎደለብኝም አለ።"

"ስንት ጊዜ ጠየቅሽው?"

"አንድ ጊዜ።"

ራሷን ያዘች። "አንቺ እዚህ ማቀዝቀዣዬ ሥር ልትሞቺ የነበርሽ ልጅ፣ ያሳደገሽን ሰው አንድ ጊዜ ጠይቀሽ አመንሽው?"

ልክ ናት፣ አባዬ። አውቶቡስ ጣቢያ ስትሸኘኝም "እኔ ምን እሆናለሁ፣ ሂጂ" ብለኸኛል፤ ያን ጊዜም በመርፌው ክር የምታስገባልህ አክስቴ ነበረች፣ አይቻለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያመንኩህ ስለተመቸኝ ነው። ለዚህ ይቅርታህን እፈልጋለሁ።

አዋላጇ የዓይን ሞራ ከሆነ ሐኪም ይገፈዋል ትላለች፤ ሌላ ነገር ከሆነ ግን ማቆየት ያበላሸዋል አለች። እኔም በማግስቱ ረጅሙ ዘንድ ሄጄ ልሄድ ነው አልኩት። ከምሄድበት ቀን ጀምሮ አንድ ወር ቦታዬን ይይዙልኛል፤ ካለፈ ከእኔ ቀጥሎ ላለችው ይሰጣል። አይቆጨኝም ብዬ አልዋሽህም፤ ይቆጨኛል። ግን በወሩ ውስጥ አሳክሜህ እመለሳለሁ ብዬ አምናለሁ። ባልደርስም ወፎቹ በየዓመቱ ይመጣሉ፣ ቋንቋውንም ማንም አይቀማኝም። የአንተ ዓይን ግን ወረፋ አይጠብቅም። እሑድ የካቲት 30 እደርሳለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት ነን። ሱቁን ከዋዜማው ዝጋ።

አክስቴ፣ ይህን ጮክ ብለሽ እያነበብሽለት ያለሽው አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። አልተቆጣሁሽም። "እንዳትነግሪያት" ብሎ አስምሎሽ ይሆናል፤ መሐላሽን አላፈረስሽም፣ የነገረኝ ኮቱ ነው። "አትምጪ ብለሽ ጻፊላት" ማለቱ አይቀርም። እሺ በይውና አትጻፊ። አሁን ደግሞ ይቺን የመጨረሻዋን ቀስ ብለሽ አንብቢለት።

አባዬ፣ ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣ ጤናህን ይመልስልኝ። እሑድ ገና ከበሩ ላይ ሆኜ እጣራለሁ፤ ማን እንደመጣ ለማየት አትቸገር።

ልጅህ