ወባ ያልደፈረችው ደም

ይድረስ ለእታለም፤ ከሰላምታዬ በፊት ናፍቆቴ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን፤ ሆዴም ከእኔ ቀድሞ በር መግባት ጀምሯል።

ዛሬ ለእርግዝና ክትትል ሄጄ ያየሁትን ጉድ ልንገርሽ። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ደሜን መረመረችና "ልጅ ሳለሽ ወባ ያመሽ ነበር?" አለችኝ።

"የሰፈሩን ልጅ ሲፈጀው እኔንና እህቴን ትንሽ አተኩሶን ይለቀን ነበር" አልኳት።

ሳቀችና የአንድ በሽተኛ ደም በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። እታለም፣ የወባዋ ተህዋስ ቀይ የደም ሴሉ ውስጥ እንደ ቀለበት ቁጭ ብላ ቤቱን ከውስጥ ትበላዋለች! እዚያው ተራብታ፣ አፈንድታው ትወጣና ወደ ሌላው ትገባለች። የእኛ ደም ግን ተህዋሷ ስትገባበት እንደ ማጭድ ይታጠፋል አለችኝ፤ ሰውነታችን ያንን ያይና ከነእንግዳዋ ጠራርጎ ያስወግደዋል። እኛ ገመድ ስንዘል በደማችን ውስጥ ይህ ሁሉ ጦርነት ነበር!

"እንዲህ ያለው ደም ከእናት ወይም ከአባት፣ ከአንዳቸው ሲወረስ ጋሻ ነው" አለች።

"ከሁለቱም ሲመጣስ?"

"እሱ ሌላ ነው፤ የልጁ ደም ያለ ወባም ይታጠፍና ከባድ በሽታ ይሆንበታል። እስቲ መጀመሪያ ባለቤትሽ ይመርመር" ብላ ጓንቷን ማውለቅ ጀመረች።

ባለቤቴ ነገ ለምርመራ ደም ይሰጣል። አሁን የሕፃኑን አልጋ ቀለም እየቀባ ነው። ነገሩን ስነግረው "እኔማ ወባ ፈርታኝ ነው ያደግሁት!" ብሎ ፎከረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅበት ነበር፤ ዛሬ ግን ብሩሹን አቀብዬው ወጣሁ።

በይ፣ አገላብጬ ስሜሻለሁ። ልጆችሽን አቅፈሽ ሳሚልኝ፤ ጠበቅ አድርገሽ።

ታናሽሽ