ሱሀይላ ኮምቦልቻ አትሄድም

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ደሴ ዛሬም ጉም ለብሳ ዋለች። የጦሳ ተራራ አልታየም። ጣቴ በብርድ አልታዘዝ ብሎኝ አንዲቷን ቅጠል ሦስቴ ጠለፍኳት። ጥልፍ የሚያስተምሩን እትዬ አልጣሽ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩና «ፍቺው» አሉኝ። ፈታሁት። እንደገና ጠለፍኩ። «አሁንም ፍቺው።»

እዚህ መጠለያ ቤት ከቤት ሸሽተን የመጣን ዘጠኝ ሴቶች ነን። ትልቋ እኔ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ። ከገባሁ ዓመት ከሁለት ወር። ምን እንደደረሰብን አንጠያየቅም። ሕግ ያወጣ ሰው የለም... ግን አንጠያየቅም።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

የቁጠባ ቀን። ከሸጥነው ጥልፍ ላይ እያንዳንዳችን ሠላሳ ብር። ሳጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፣ ሦስት ልጆች ይይዙታል። አንዷ ወንጌላዊት ናት፣ አልጋችን ጎን ለጎን ነው። «የስፌት መኪናሽን ስትገዢ ለኔ አንድ ቀሚስ በነጻ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ያገለገለ መኪና ፒያሳ አይቻለሁ። ገና ብዙ ይቀረኛል።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

እማ ከቢስቲማ ደወለች። ታናሽ እህቴ ሱሀይላ ትምህርት ልታቆም ነው። ደብተርና የደንብ ልብስ መግዛት አልቻሉም።

«አልሀምዱሊላህ፣ አክስትሽ ራሂማ ደረሰችልን። ኮምቦልቻ ወስጄ አስተምራታለሁ ብላለች። ማክሰኞ ትሄዳለች።»

ራሂማ የአባቴ እህት ናት። እኔንም እንዲሁ ብላ ነው የወሰደችኝ።

«ሰማሽ?» አለች እማ።

«እሺ» አልኩ።

ለምን እሺ አልኩ?

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ



ሱሀይላ አስራ ሦስት ዓመቷ ነው። እኔ ስሄድ አስራ አምስት ነበርኩ። የራሂማ ባል ጁነይድ ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ ኮቴውን ከሩቅ እለየው ነበር። የምተኛበት ክፍል ከውስጥ አይቆለፍም... ወደ ሦስት ዓመት። ለራሂማ ስነግራት አፌን በጥፊ አለችኝ። ስሸሽ ደግሞ ለቤተሰቦቼ «ባለገች፣ ጠፋች» ብላ ነገረቻቸው። አመኗት።

ዝም ያልኩት እማ እንዳታዝን ነበር። አሁን ዝም ብል ማንን ላድን ነው?

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ገንዘቤን ስጡኝ አልኩ። በደንባችን ሳጥኑ ከሰኔ በፊት አይከፈትም፣ ለህመም ካልሆነ።

«አሞሻል እንዴ?» አለችኝ አንዷ።

ምን ልበል? መሬት መሬቱን እያየሁ «እህቴን ሊወስዷት ነው... እኔ የነበርኩበት ቤት» አልኩ።

 ወንጌላዊት ቁልፏን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ህመም ነው» አለች። ሁለቱ ቁልፎችም ተከተሉ። ሁሉም እጃቸውን አወጡ። ሌላ ጥያቄ አልነበረም።

ጥቅምት 25፣ ሰኞ፣ ቢስቲማ

እትዬ አልጣሽ አብሬሽ ልምጣ ብለውኝ ነበር። ብቻዬን ይሻላል አልኩ። ከሐይቅ ከተማ በኋላ ከአውቶቡሱ ወርጄ ልመለስ አሰብኩ... ሦስቴ።

እማ ደጅ ላይ ማሽላ ታበጥራለች። የሱሀይላ ልብስ በፌስታል ታስሮ ጥግ ተቀምጧል።

«እማ፣ ሱሀይላ ኮምቦልቻ አትሄድም።»

«ምነው ልጄ?»

ነገርኳት። ሁሉንም አይደለም፣ የሚበቃውን። ሰፌዱ እጇ ላይ ዘንበል አለና እህሉ ፈሰሰ። አላየችውም።

«ያኔ ደውለሽ ልምጣ ስትይኝ...» አለች። «እኔ ታገሺ አልኩሽ።»

«አዎ እማ።»

«አፉ በይኝ።» ጉልበቴን ያዘች። እናቴ፣ የኔን ጉልበት! አነሳኋት።

አባ ከመስጊድ ሲመለስ እማ ነገረችው። ቁጭ አለ። «ለእህቴ ቃል ሰጥቻለሁ። ይህ ነገር ከወጣ ዘመድ ይበተናል። በሽማግሌ ይያዝ።» ይህን ሲል እኔን አላየኝም።

«ይበተን!» አለች እማ። በሱ ላይ ድምጿን ስታነሳ ሰምቼ አላውቅም።

ብሩን እማ ጭን ላይ አስቀመጥኩ። «ደብተሩንም ልብሱንም እኔ እችላለሁ። በየወሩ እልካለሁ።»

«ከየት አመጣሽው?» አለ አባ።

«ጠልፌ።»

ተነስቶ ወጣ።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

ራሂማ ደወለች። እማ «ልጄ አትመጣም» ብላ ዘጋችባት። ሱሀይላ ፌስታሉን ራሷ ፈታችው። ለምን እንደቀረች ገና አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ ልጀምር?

አባ አልተሰናበተኝም።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ከባዶ ጀመርኩ። ሠላሳ ብር። እማ በስልክ «አብሽሪ» ትለኛለች። አባ ድምፁ የለም።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

እማ ደውላ ነበር። ራሂማ ከደጋን ሌላ የዘመድ ልጅ አምጥታለች አለችኝ። አስራ አንድ ዓመቷ።

አስራ አንድ!

እትዬ አልጣሽ ጋ ሄድኩ። «መክሰስ እፈልጋለሁ።»

መርፌያቸውን አስቀመጡ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም» አልኩ። «ግን እሄዳለሁ። ነገ ይሁን።»

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ፣ ኮምቦልቻ

ከተማው ይሞቃል። እትዬ አልጣሽ ክንዴን ይዘውኛል። ፖሊስ ጣቢያው ኮሪደር ውስጥ አግዳሚው ላይ... አባ! ትናንት ለእማ እንደምሄድ ነግሬያት ነበር። ጎህ ሳይቀድ ነው የተነሳው።

ራሂማም ወሬው በዘመድ ደርሷት ቀድማኛለች። እግሩ ስር ተንበርክካ «ወንድሜ፣ ወላሂ ቤቴ ይፈርሳል። ልጅህን መልስልኝ» ትለዋለች። ሊያስቆመኝ ነው የመጣው አልኩ በልቤ። 

መርማሪዋ ሴት ናት። በር ላይ ቆማ ጠራችኝ። «ቢልቂስ አብዱልወሀብ! ከማን ጋር ነሽ?»

አፌን ሳልከፍት አባ ተነሳ። ቆቡን አስተካከለ።

«ከኔ ጋር ናት። አባቷ ነኝ።»

ገባን። ከመጀመሪያው ጀምሬ ተናገርኩ። ለእማ ያስቀረሁትንም ጭምር። አባ ግንባሩን በሁለት እጁ ይዞ ሰማ። አልወጣም። ቃሌን ሳልጨርስ ሁለት ፖሊሶች የደጋኗን ልጅ ሊያመጡ ሄዱ። ፈረምኩ።

ወደ ውጭ ወጣን።

«ምሳ በልተሻል?» አለኝ አባ።

«አልበላሁም።»

«ነይ እንብላ።»

አንድ ትሪ ላይ በላን። አብረን ከበላን አራት ዓመት ሆኖን ነበር።