የባዶው አውቶቡስ ዘጠኝ ደቂቃ

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ምሳ ሰዓት

ዛሬም ስልኬን መሳቢያ ውስጥ አድርጌ ፊልም ሳይ ተያዝኩ። የያዘችኝ ወ/ሮ አልማዝ ናት፣ የኮሌጁ መዝገብ ቤት ኃላፊዬ። ካርቱን ነው እንዴ አለች፣ ክፍሉ በሙሉ እንዲሰማ አድርጋ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ደብተር። ካርቱን የሚለውን ቃል ስንቴ እንደዋጥኩት አንተ ታውቃለህ። ለእሷ በእጅ የተሳለ ነገር ሁሉ የሕፃን ነው። ትልቅ ሰው በሩን ዘግቶ የሚያለቅስበት ስዕል አለ ብላት ጠበል ትወስደኛለች።

የኮሌጅ ተማሪዎቹ ይብሳሉ። እኛም የጃፓን አኒሜሽን እናያለን ይሉኛል። የሚያዩት ፀጉሩ እንደ እሾህ የቆመ ልጅ ለአንዲት ቡጢ ሦስት ክፍል ሙሉ ሲጮህ ነው። ሁሉም ዓይኑ ትልቅ፣ ሁሉም አገጩ ሹል፣ ሁሉም ዓለምን ያድናል። ጥርሱን የሚፍቅ ሰው እንኳ የለበትም።

ወሬ አለኝ። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ቪዲዮ ቤት ሊዘጋ ነው። ባለቤቷ ወ/ሮ አስቴር ለቡና ነጋዴ አከራየችው። ጀንፈል ሊያከማችበት ነው። ለቀማው ደርሷል፣ መጋዘን ጠፍቷል። የመጨረሻውን ቅዳሜ ግን ፊልሜን እንዳሳይበት ለእኔ ሰጠችኝ። አራት ዓመት የለመንኳት ቅዳሜ። ከ8፡00 እስከ 10፡00። ደስ ሊለኝ ይገባል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ስለ ፊልሙ። ርዕሱን እዚህም አልጽፈውም። የሠሩት ጃፓኖች ናቸው፣ ግን የራሴ ነው።

የገጠር አውቶቡስ ሾፌር። መንደሩን ሰው ሁሉ ለቆታል፣ መስመሩን የሰረዘ ግን የለም። በየማቆሚያው ይቆማል፣ በር ይከፍታል፣ ይጠብቃል፣ ይዘጋል፣ ይሄዳል። ስምንት ማቆሚያ። ከፊልሙ ውስጥ ዘጠኝ ደቂቃ ይህ ብቻ ነው። ቃል የለ፣ ሙዚቃ የለ፣ የሞተሩ ድምፅ እንኳ ይጠፋል። ስዕሉ አስቀያሚ ነው፣ የሾፌሩ እጆች ከፊቱ ይበልጣሉ። ከእነዚያ ከሚያብለጨልጩት ሁሉ ይበልጥብኛል። አልከራከርም።

እስከ ዛሬ ያየሁት በስልክ ነው፣ አልጋ ላይ፣ ብቻዬን፣ ጆሮዬን ደፍኜ። አንድ ጊዜ ግድግዳ ላይ ማየት እፈልጋለሁ፣ ከሰው ጋር። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ትንፋሹን ሲይዝ መስማት እፈልጋለሁ። ሌላ የምፈልገው የለኝም። እናቴ ስለ ባል ስትጠይቀኝ የምመልስላት ይህንን ቢሆን ምን ትለኝ ይሆን።

ተርጓሚው ጋሽ ታደለ ነው። በዚህ ከተማ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከግድግዳው ሥር ማይክ ይዞ ይቀመጣል፣ የፊልሙን ድምፅ ይቀንሳል፣ ሁሉንም ሰው ሆኖ በአማርኛ ይናገራል። የሕንዱ አባት አቶ ወልዴ፣ የቻይናው ሽፍታ ሻምበል ይባላሉ። እንግሊዝኛ አይችልም። ከሥር የሚወጣውን ጽሑፍ እኔ ተርጉሜ በወረቀት እሰጠዋለሁ። ባለፈው ዓመት፣ ቅዳሜ ባይሆንም፣ ሰው የላስቲክ ልብስ ለብሶ ጭራቅ የሆነበትን ፊልም እንዲህ ነው ያሳየነው። የጭራቁ ዚፕ ከጀርባው ይታያል። ሰው ሳቀ፣ አልከፋኝም፣ የሠሩትም ሳይስቁ አልቀሩም። በፍቅር የተሠራ ቆሻሻ ፊልም ክብር አለው።

ይህ ግን ሌላ ነው። ጋ.ታ. (እንዲህ ልጽፈው፣ እጄ ደክሟል) ማንኛውንም ፊልም ሁለቴ ሳያይ ማይክ አይዝም። ልማዱ ነው። ይህንንም አሳዪኝ አለ። እምቢ አልኩ። ካየው ቀልድ ያዘጋጅለታል፣ አውቀዋለሁ። ወረቀቱ ይበቃሃል አልኩት። ከዘጠኙ ደቂቃ ፊት ለፊት በቀይ እስክሪብቶ ምንም እንዳይናገር ጻፍኩ። ሁለቴ አሰመርኩበት። አነበበው። እኔን አየ። እሺ አለ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ 11፡40

ጋ.ታ. መ/ቤት ድረስ መጣ። ዝናብ አበስብሶታል። ፊልሙን ልየው አለ ደግሞ። እኔ ማይክ ይዤ ዝም ስል ሰው ተኝቷል ይለኛል አለ። የራሳቸው ጉዳይ አልኩ። እሺ ሾፌሩ የሚጠብቀው ማንን ነው አለ። ስታየው ታውቃለህ አልኩ። ባርኔጣውን አራግፎ ወጣ። ትንሽ ደነገጥኩ፣ ከዚያ ተውኩት።

ከወ/ሮ አስቴር ጋር ፕሮጀክተሩን ሞከርን። ግድግዳው ላይ እርጥበት አለ፣ በአንሶላ ሸፈንነው። ሾፌሩ አንሶላው ላይ ቁመቱ ከእኔ በለጠ። ደስ ብሎኛል፣ ደብተር። አንተ ላይ ይህን ጽፌ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፣ 11፡00

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ቤቱ ሞልቷል። የባጃጅ ሾፌሮች፣ የመናኸሪያ ረዳቶች፣ ተማሪዎች። የመጨረሻ ቀን ስለሆነ የመጡ ናቸው እንጂ ለፊልሙ አይደለም። የመጀመሪያው ክፍል ጥሩ ሄደ። ጋ.ታ. ወረቀቱን አክብሮ ተናገረ። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ።

ዝምታው ገባ። አንደኛ ማቆሚያ። ወዲያው ፉጨት። ድምፅ! ድምፅ! በዚያ ቤት ድምፅ ከጠፋ ወይ ሽቦ ተነቅሏል ወይ ጋ.ታ. እንቅልፍ ወስዶታል፣ ሌላ ምክንያት ኖሮ አያውቅም። ወ/ሮ አስቴር ስፒከሩን ትደበድባለች። አንዱ ሽቦ ይነቀንቃል። እኔ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ለጋ.ታ. በእጄ እምቢ፣ እምቢ እላለሁ። ሁለተኛ ማቆሚያ። እኔን ያያል። ሦስተኛ። ሾፌሩ በሩን ዘግቶ ሲነሣ አንድ ረዳት ከፊት ወንበር፦

«ኧረ ሳይሞላ ወጣ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እዚህ አገር መኪና ሳይሞላ ንቅንቅ አይልም። ለእነሱ ይህ ኀዘን አይደለም፣ ሾፌሩ አብዶ ነው። እኔ ግን አራት ዓመት ሙሉ ይህ አልታየኝም። አራተኛው ማቆሚያ ላይ ጋ.ታ. ማይኩን አነሣ። ቴፒ! ቴፒ! አንድ ሰው የቀረው ቴፒ! እያለ እንደ ረዳት ይጣራል። እያየኝ። ሰው በሳቅ ይንፈራፈራል።

ወጣሁ። አግዳሚ ወንበር ገልብጬ ወጣሁ። ሳቁ እስከ አስፋልቱ ተከተለኝ።

ቴሌግራም ቻናሌ ላይ ጻፍኩ። ይህ ፊልም ለሚዛን ከተማ አልተፈጠረም አልኩ። የጋ.ታ.ን ስም ጠርቼ ለፍላፊ አልኩት። ዕድሜ ልኩን የሰው ፊልም ላይ ሲለፈልፍ የኖረ፣ አንድ ፊልም እንኳ አይቶ የማያውቅ። እንዲህ ነው ያልኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ጽሑፌን ሰው ወዶታል። በሳቅ ምልክት ሞልተውታል። ስለ ፊልም በቁም ነገር ስጽፍ ድምፃቸውን የማልሰማቸው ሁሉ ዛሬ አሉ። ሦስቴ አነበብኩት። ጥሩ ነው የጻፍኩት።

ጋ.ታ. ሁለቴ ደወለ። አላነሣሁም።

በቪዲዮ ቤቱ በኩል አለፍኩ። ወንበሮቹ ውጭ ተደርድረዋል። ጆንያ እየገባ ነው። አንሶላዬን ሳልጠይቅ ተመለስኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፣ 7፡10

ምሳዬን አልበላሁም።

ጠዋት ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና የካርቱኗ እመቤት አይደለሽ እንዴ አለ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ አለ። ስድስተኛው ማቆሚያ ላይ ሰውየው ወርዶ አግዳሚውን በእጅጌው የጠረገው ማን ሊቀመጥበት ነው አለኝ። ሰው የለም አይደል አለ።

ስድስተኛው። እንዴት አየኸው አልኩት፣ በዚያ ሁሉ ሳቅ መሀል።

የምን ሳቅ አለ። ጋ.ታ. አምስተኛው ላይ አንዴ ተጣራ፣ ድምፁ ግማሽ ላይ ቀረ። ስድስተኛው ላይ ሰውየው ሲጠርግ ማይኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ እስከ ስምንተኛው ማንም አልተናገረም። ዝም በሉ ያለ ሰው አልነበረም። ወ/ሮ አስቴርም ስፒከሩን ተወችው። ያ ሳይሞላ ወጣ ያለው ረዳት ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ። እኔ ማስቲካ ማኘክ አቆምኩ አለ ባለባጃጁ። እንደ ቀላል ነገር ነው የነገረኝ። እየነዳ።

መድረሻዬ ሳልደርስ አውርደኝ ብዬ በእግሬ ሄድኩ። በጭቃ ውስጥ።

ቀናሁ፣ ደብተር። በማስቲካው ሳይቀር ቀናሁ። አንድ ጊዜ ብቻ የፈለግኩት ነገር ሆነ፣ በዚያው ቤት፣ በዚያው ሰዓት፣ እኔ ግን አስፋልት ላይ ሆኜ ስድብ በስልኬ እየጻፍኩ ነበር። ፊልም ሳይጨርሱ የሚፈርዱትን ስንቴ አዋርጃለሁ። ሁለት ማቆሚያ ብታገሥ ኖሮ። ሁለት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18፣ 12፡15

ትናንት ጽሑፉን አጠፋሁት። በቦታው አጭር ጻፍኩ። አራተኛው ማቆሚያ ላይ ወጥቻለሁ፣ የፈረድኩት ያላየሁትን ነው፣ ጋሽ ታደለን ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንድም ሰው ምልክት አላደረገም።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ጋ.ታ. ቤት ሄድኩ። ደጅ ተቀምጦ ከጫማው ላይ ጭቃ ይፍቃል። ሴት ልጁ ወንበር አወጣችልኝ፣ ፊቷን ግን አዞረች። ጽሑፉን ያነበበችለት እሷ ናት። ይቅር በለኝ አልኩ። ለፍላፊማ ነኝ አለ፣ ፈገግ ብሎ። ፈገግታው አላሳረፈኝም። ለምን ዝም አልክ አልኩት። መጠየቅ አልነበረብኝም።

«አንቺ በር ላይ ቆመሽ እጅሽን ስታወናጭፊ እኔ አንቺን ነበር የማየው። ፊልሙን ያየሁት ከወጣሽ በኋላ ነው።»

በክፋት አይደለም ያለው። ጫማውን እየፋቀ ነው ያለው።

ከዚያ ጎረቤት ከተማ፣ ሸዋ ቤንች፣ አንድ አዳራሽ ፊልም እንዲተረጉም ለመጪው ቅዳሜ እንደጠሩት ነገረኝ። በ8፡00። የአውቶቡሱን ፊልም ነው የሚፈልጉት፣ ወሬው ደርሷቸዋል። በዚህ ጊዜ ግን ሁለቴ አይቼው ነው የምሄደው አለ። ፊልሙ ያለበትን ፍላሽ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ከእጄ ሲወጣ ጨነቀኝ፣ ግን ሰጠሁት። ነይ አብረን እንሂድ አለኝ። ፊት ወንበር ይያዝልሻል፣ ያንቺ ፊልም አይደል አለ።

እመጣለሁ አልኩት። ደስ አለው።

አልሄድም። ልቤ እዚያ ነው፣ እንደዚህ ሄጄ ለማየት የጓጓሁት ነገር የለም። ግን ራሴን አውቀዋለሁ። ገና ሁለተኛው ማቆሚያ ላይ አንዱ ሲያስል ዞሬ አፈጥበታለሁ፣ ጋ.ታ.ም ፊልሙን ትቶ እኔን ያያል። ቅዳሜ ጠዋት አሞኛል ብዬ እደውልለታለሁ። በ8፡00 እዚህ ቁጭ ብዬ ልብስ አጥባለሁ። ወስኛለሁ።