ከፖርት ሰዒድ የተላኩ አምስቶች

ጃንዋሪ 9፣ ዓርብ

እህቴ ኢቅባል ከሄደች ሳምንት ሆነ። ልጇ ከመንሱራ መጥቶ ወሰዳት። የስፌት መኪናዋን፣ ሁለት ሻንጣ፣ ትንሹን ድስት ይዛ ሄደች። ትልቁን ለእኔ ተወችው። ለአንድ ሰው ትልቅ ድስት... አስባበት ይሆን? ምስር ቀቀልኩ። በዛ። ነገም ምስር ነው።

ከሰዓት በኋላ ማሞቂያ ልገዛ ወጥቼ ሬዲዮ ይዤ ገባሁ። አጭር ሞገድ የሚይዝ። ሻጩ «ኡስታዝ፣ ይሄ ዓለምን በሙሉ ያመጣልሃል» አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚነት ሠርቼ ጡረታ እስክወጣ ማንም ኡስታዝ ብሎኝ አያውቅም። ለካ መነጽር አድርጎ ሬዲዮ ሱቅ መግባት ይበቃ ነበር።

ቤቱ እንደበረደ ነው።

ጃንዋሪ 10

ዓለም በሙሉ ያፏጫል።

ጃንዋሪ 13

ከሬዲዮው ጋር የመጣው መመሪያ ረጅም ሽቦ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ዘርጋ ይላል። ከፍ ያለው ቦታ ጣሪያው ነው፤ ጣሪያው ደግሞ የጎረቤቴ የሙዓለም ዘናቲ እርግቦች ግዛት ነው። ሽቦዬን ጠቅልዬ ወጣሁ። እሱ ባልዲ ላይ ተቀምጦ እህል ይበትናል።

«ምን ልትሰማበት ነው?»

«ሩቅ ያለውን።»

«አንተ ኡስታዝ፣ እኔ ከሚስቴ ጋር አርባ ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ኖሬ የምትለውን አልሰማሁም። አንተ ባሕር ማዶ ያለውን ልትሰማ?»

በመጨረሻ ፈቀደ። እርግቦቹ ሽቦውን እንዲያዩት በየክንዱ ርቀት ቀይ ጨርቅ ይታሰርበት አለ። ኢቅባል ትታው የሄደችውን መጋረጃ ቀደድኩ። ጣሪያችን አሁን ሠርግ ያለበት ይመስላል። ሁለት ሰው «ማን ሊያገባ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጃንዋሪ 17

ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጩ ዘንድ የሬዲዮ አድማጮች መጽሔት አገኘሁ። ሥርዓት ያለው ነገር ነው ለካ! ቁልፉን እንደ ካዝና ቀስ አድርጎ ማዞር። ጣቢያው ስሙን እስኪናገር መጠበቅ። የሰሙትን መዝግቦ ለጣቢያው መላክ። ጣቢያው ደግሞ «አዎ፣ የሰማኸው እኛን ነው» የሚል ባለ ሥዕል ካርድ ይመልሳል። ሰው መስማቱን በማስረጃ የሚያረጋግጥበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

ሰዓቱ የሚጻፈው በዓለም ሰዓት ነው፤ ከእኛ በሁለት ይዘገያል። ግድግዳው ላይ ሁለተኛ ሰዓት ሰቀልኩ። አንዱ ለዳቦ ቤቱ፣ አንዱ ለዓለም።

ጃንዋሪ 24

ፀሐይ ስትገባ ነው ሞገዱ የሚከፈተው። ቀኑን ሙሉ ባዶ የነበረው የሬዲዮው ሰሌዳ ልክ ድንግዝግዝ ሲል ሰው በሰው ይሆናል።

አንዲት ሴት በዐረብኛ... ከሰሜን፣ ከበረዶው አገር፣ ትንሽ ጣቢያ። ስሟ ጀናን። በየቀኑ ማምሻውን ግማሽ ሰዓት፣ ሐሙስ ሐሙስ የአድማጮች ደብዳቤ። ይህን ለማወቅ አራት ቀን ፈጀብኝ፤ ምክንያቱም ላይዋ ላይ ሌላ ጣቢያ ተኝቶባታል፤ ከእሱም በላይ የሻይ ማንቆርቆሪያ የሚመስል ፉጨት አለ። ከሦስት ቃል አንዱ ይደርሰኛል። አነጋገሯ የባግዳድ ይመስላል። ወይስ የፉጨቱ ነው?

ያው ስርጭት በሌላ ሞገድም፣ ከፍ ብሎ፣ እንደሚተላለፍ ተናግራለች መሰለኝ። አልፈለግኩትም። ሰው አንድ ቡና ቤት ከለመደ በቃው።

ፌብሩዋሪ 1

የመጀመሪያ ሪፖርቴን ልጽፍ ተቀመጥኩ። አምስት ነጥብ አለው። የድምፁ ጉልበት፣ የሌላ ጣቢያ ጣልቃ ገብነት፣ ጩኸቱ፣ መዋዠቁ፣ ጠቅላላው። ለእያንዳንዱ ከአንድ እስከ አምስት። አንድ ማለት ከንቱ፣ አምስት ማለት ፍጹም፤ ጣልቃ ገብነቱና ጩኸቱም ጨርሶ ከሌለ አምስት ነው።

ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ ብዬ ጻፍኩ። አየሁት። እንዴት ነው ይህን ለሰው የሚልኩት? ሰዎቹ በረዶ ውስጥ ተቀምጠው፣ በቋንቋዬ ሰላም ሊሉኝ ደክመው፣ እኔ «አልተሰማችሁም» ልበል? ሰው ቤት ተጋብዞ ሾርባው ቀጠነ ይባላል?

ቀደድኩት። አምስት፣ አምስት፣ አምስት፣ አምስት፣ አምስት። የሰማሁትን እንድጠቅስም ይጠበቃል። «ዓሣ» የሚል ቃል ሁለት ጊዜ ሰምቼ ነበር። «ስለ ዓሣ ያቀረባችሁት እጅግ ጠቃሚ ነው» አልኩ። ስለ ዓሣ ባይሆንስ?

ፌብሩዋሪ 19፣ ሐሙስ

«...ወዳጃችን ረኡፍ ዋሲፍ ከፖርት ሰዒድ...»

ከዚያ ፉጨት። ስለ እኔ ምን እንዳለች አላውቅም።

ስሜ ሲጠራ ብድግ አልኩ። ሳሎን ውስጥ፣ ብቻዬን፣ እንደ ተማሪ። ተቀመጥኩ። ደግሞ ማንም እንዳላየኝ ዞር ብዬ አየሁ።

ስሜን ሙሉውን ሰው ከጠራው ስንት ጊዜው ይሆን? ለዘናቲ ኡስታዝ ነኝ። ለኢቅባል «አንተ» ነኝ። ለጡረታ ቢሮ ቁጥር ነኝ።

ፌብሩዋሪ 24

ካርዱ መጣ። በረዶ ውስጥ የቆመ ረጅም ምሰሶ። «መስማትዎን በደስታ እናረጋግጣለን።» እኔ እንኳ ያን ያህል እርግጠኛ አልነበርኩም።

ማርች 5፣ ሐሙስ

በየሳምንቱ ሪፖርት ልኬያለሁ። ሁሉም አምስት። አሁን ሐሙስ ሐሙስ ስሜ አይቀርም። ሌላውን አልሰማም፤ ስሜ ግን ከፉጨቱ ውስጥ ብቅ ብሎ ይገባል። ሐሙስ ሊመሽ ሲል እላጫለሁ። ለምን ብዬ ራሴን አልጠይቅም።

ዛሬ ዘናቲ ነፋስ የጣለውን ቀይ ጨርቅ ይዞ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ጆሮውን አቀና።

«ዓሣ እየጠበስክ ነው?»

«ሬዲዮ ነው። ከሰሜን።»

«እህ። ምን አለች ታዲያ?»

«ስሜን ጠራች።»

«ሌላስ?»

የሬዲዮውን ድምፅ ቀነስኩ።

«ኡስታዝ፣ ስምህንማ እኔም ከጣሪያ ላይ ልጮህልህ እችላለሁ። ባትሪም አልፈጅ።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከሄደ በኋላ ሳቅኩ... ጊዜው አልፎ ነበር።

ማርች 12፣ ሐሙስ

ደብዳቤ። በጽሕፈት መኪና፣ የጣቢያው መሐንዲስ ጽፎት ጀናን ወደ ዐረብኛ የመለሰችው። እንዳለ ልገልብጠው፦

«ክቡር ወዳጃችን፣ ሳይሰለቹ ስለላኩልን ሪፖርት እናመሰግናለን። ከመጪው የስርጭት ወቅት፣ ማለትም ከማርች 29 ጀምሮ፣ ከሁለቱ ሞገዶች አንዱን ብቻ እንድናቆይ ታዘናል። በእርስዎ አካባቢ ታችኛው እጅግ ጥርት ብሎ እንደሚሰማ ከእርስዎ ያለማቋረጥ ስለተረዳን፣ እሱን አስቀርተን ላይኛውን ልንዘጋ ወስነናል። ይህን ውሳኔ እንድንወስን ረድተውናል።»

ረድቻቸዋለሁ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰዋስዉ ንጹሕ ነው። የማርመው አጣሁ።

ማምሻውን ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልፉን ወደ ላይኛው አዞርኩ። ጀናን... እዚሁ ክፍል ውስጥ! ወረቀት ስትገልጥ ይሰማል። ምራቋን ስትውጥ ይሰማል። ፉጨት የለም፣ የሚተኛባት ጣቢያ የለም። የሁዴይዳ ዓሣ አጥማጅ ደብዳቤ አነበበች። ከዓሣ አጥማጁ ቀጥሎ ከኡሙ ቀስር አንዲት ነርስ፤ «ከሥራ ስገባ ቤቱ ውስጥ የምሰማው ድምፅ ያንቺ ብቻ ነው» ትላለች። ከዚያ እኔን። ሙሉ ምስጋናውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። «ታማኝ ጆሯችን በፖርት ሰዒድ» ነው የምትለኝ ለካ።

ታማኝ ጆሮ!

በአሥራ ሰባት ቀን ውስጥ ይህ ይዘጋል። ለእኔ፣ ለነርሷም። ከእኔ የተነሣ። እውነቱን ብጽፍ ደግሞ ታማኝነቴ አበቃ፤ የውሸታም ስም ማን ያነባል? ዝም ብልስ? ማን ያውቅብኛል?

ማርች 13

ኢቅባል ደወለች። ነገርኳት። ሳቀች። አጽናኝ ነገር ትላለች ብዬ ነበር።

«አክስታችን ማቲልዳን ረሳሃት? ያቺን የተቃጠለች የሙሉኺያ ቅጠል ወጥ ‹እጅሽ ይባረክ፣ እንዲህ ያለ በልቼ አላውቅም› ያልካት አንተ ነህ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለሁላችንም አቃጥላ አበላችን!»

«ልጅ ነበርኩ።»

«አሁንስ?»

ስለ እሷ ጠየቅኩ። መንሱራ እንዴት ነው? የልጅሽ ሚስት እንዴት ይዛሻለች?

«ደህና ነኝ። ሁሉም ደህና። በጣም ደህና።»

«እኔም» አልኳት። «በጣም ደህና።»

አምስት፣ አምስት፣ አምስት። በዘር ነው።

ማርች 14

ሌሊቱን ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ጠዋት ሳሰላው ከማርች 29 በፊት አይደርስም። ወደ ቴሌግራፍ ቤት ሄድኩ። ቅጹ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ «አምስቶቼ ሐሰት ናቸው። ትክክለኛው 2 1 2 2 1።»

መስኮቷ ጀርባ ያለችው ሴት አነበበች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቁጥር።»

«የምን ቁጥር?»

«የመስማት።»

መርከብ የሚያልፍበት ቦይ አጠገብ የሚኖር ሽማግሌ ለውጭ አገር ሬዲዮ ጣቢያ ቁጥር ሲልክ... እኔም በቦታዋ ብሆን ራሴን እጠረጥር ነበር።

«አባቴ፣ ቁጥሩን ይተዉትና በሰው ቋንቋ ይጻፉት። አለዚያ አለቃዬን ልጠራ ነው።»

በሰው ቋንቋ። እሱማ ነው የከበደኝ። በቁጥር መዋሸትም መናዘዝም ቀላል ነው። ከኋላዬ ሦስት ሰው ተሰልፏል፤ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሌላ ቅጽ ወሰድኩ።

«የጻፍኩላችሁ እውነት አልነበረም። በታችኛው አትሰሙም። አፍሬ ነው ያልነገርኳችሁ። ላይኛውን አትዝጉ። ረኡፍ ዋሲፍ።»

ቀስ ብላ አነበበችው። ፊቷ ለዘብ አለ።

«ሴት ናት?»

«ጣቢያ ነው።»

«እሺ አባቴ» አለች፣ ያላመነ ሰው በሚለው ድምፅ። ግን ማኅተሙን መታችው።

ማርች 19፣ ሐሙስ

በላይኛው አዳመጥኩ። ዓሣ አጥማጁ አለ። ነርሷ አለች። አንድ የቢንጋዚ ተማሪ። እኔ የለሁም።

በፊት ቢሆን «ተጠርቻለሁ፣ ፉጨቱ ሸፍኖብኝ ነው» እል ነበር። አሁን አለመጠራቴ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ማርች 22

ዘናቲ ሽቦው ሥር ቆሞ «ዓሣው በሰለ?» አለኝ። እውነቱን ነገርኩት፤ አምስቶቹን፣ ቴሌግራሙን፣ ሁሉን። እህሉን በእጁ አገላበጠ።

«እኔ እርግብ ስሸጥ አንካሳዋን አንካሳ ናት እላለሁ» አለ። «ገዢ ግን የለኝም።»

ማጽናናቱ ይመስለኛል።

ማርች 26፣ ሐሙስ

የለሁም። አልተላጨሁም።

ማርች 29

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ላይኛው ላይ እስትንፋስ ብቻ። አንድ ደቂቃ... ሁለት። የግድግዳው ሰዓት ስቶ ይሆን? በሦስተኛው ደቂቃ የመክፈቻ ሙዚቃቸው መጣ፤ ከመካከሉ ተቆርጦ፣ አንድ ሰው ማብሪያውን ዘግይቶ የነካው ይመስል።

ወደ ታችኛው ወረድኩ። ፉጨቱ ብቻውን ቀርቷል።

ኤፕሪል 2፣ ሐሙስ

ጀናን ደብዳቤዎቹን ከማንበቧ በፊት እንዲህ አለች፤ ቃል በቃል መጻፍ ችያለሁ፦

«ከአንድ አድማጫችን ቴሌግራም ደርሶናል። በታችኛው ሞገድ ሰምቶን እንደማያውቅ፣ እንዳናፍር ብሎ አምስት ይሰጠን እንደነበረ ነግሮናል። መሐንዲሳችን ሁለት ቀን አኮረፈ። ከዚያ የሌሎቻችሁን ሪፖርት አውጥቶ ቆጠረ። ከትሪፖሊ እስከ ባስራ፣ ሁላችሁም አምስት ሰጥታችሁናል። ወዳጆቼ... እናንተም እንደዚሁ ናችሁ?»

ዝም አለች። ዝምታዋም ጥርት ብሎ መጣ።

«ታችኛውን ዘግተናል። የአድማጫችንን ስም ግን አንጠራም፤ እሱም እንዳያፍር።»

ብድግ ብዬ ነበር። ቆሜ ቀረሁ።

እንግዲህ እነሱም ጨዋ ናቸው። ከዚህ በኋላ ይጠሩኝ ይሆን? አይመስለኝም። ጨዋ ሰው አንዴ ከሸፈነልህ ደጋግሞ ይሸፍንልሃል።

ስርጭቱ እስኪያልቅ ሰማሁ። ከዚያ አዲስ ቅጽ አወጣሁ። ጉልበት አራት። ጣልቃ ገብነት አምስት፤ ይኼኛው እውነተኛ አምስት ነው። ጩኸት አራት። መዋዠቅ ሦስት፤ ወደ መጨረሻው ይሸሻል። ጠቅላላ አራት።

አስተያየት በሚለው ቦታ ላይ፦ «አቅራቢዋን ጉንፋን ይዟታል፤ ‹ም› ስትል ‹ብ› ይመስላል። ከስርጭቱ በፊት ትኩስ ነገር ትጠጣ።»