እዚህ አገር ሁለቴ የሚለምን የለም

አክስቴ፣

እንቅልፉ ጥሞዎት ስለነበር ሳልቀሰቅስዎ ወጣሁ። አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው፤ ጽሑፌን አይዩብኝ።

ምሳዎን በሩ ላይ የምግብ ፎቶ የለጠፈው ቤት እንዳይበሉ፤ የሚጣፍጠው ፎቶው ብቻ ነው። ከበራችን እንደወጡ፣ ጫማ ሰፊው አጠገብ፣ ራሰ በራው ሰውዬ ግሩም የምስር ሾርባ ይሸጣል። ጭማቂ ካማረዎት ፊት ለፊቱ ያለችው ሴትዮ ብርቱካኑን ዓይንዎ እያየ ትጨምቅልዎታለች።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሰውዬው ጭልፋውን አንስቶ «ልጨምር?» በሚል ዓይን ሲያይዎት ወዲያው እሺ ይበሉ። በመጀመሪያው! እዚህ አገር «ብሉልኝ» ብሎ ሁለቴ የሚለምን የለም። ትናንት እራት ላይ አስተናጋጁ «ላንሳው?» ብሎ ሲጠይቅዎ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው «ኧረ በቃኝ» አሉት። እሱ ምን ያውቃል፣ ግማሽ ዓሣዎን አንስቶ ሄደ። ዓይንዎ ሳህኑን እስከ ጓዳ ሸኘው።

እኔም አጠገብዎ ቁጭ ብዬ...
የራሴን ዓሣ ጨረስኩ።

ቤት ከገባን በኋላ ኩሽና ውስጥ ክዳን ሲንኳኳ «ማነው?» ብል «አይጥ ናት» አሉኝ። አክስቴ፣ እዚህ ቤት አይጥ የለም። ብትኖርም ክዳኑን መልሳ አትገጥምም።

ጠረጴዛው ላይ ዳቦና እንቁላል ከድኜልዎታለሁ። ይብሉ።

አውቃለሁ፣ «ኧረ በቃኝ» ሊሉ ነው።

ይብሉ እንጂ!
በሞቴ!

አፈር ስሆን! ይቺ ትናንት እራት ላይ የቀረችው ልመና ናት።