ለአንዲት ልጃቸው አምስት ዩኒፎርም የሰፉት የ«ሜትሬ» የሕይወት ታሪክ

ሜትር ከአንገታቸው ስለማይለይ ሰፈሩ ሁሉ «ሜትሬ» እያለ የሚጠራቸው እህታችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከነርስ እናታቸው በ1965 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንዳጠናቀቁ በአባታቸው የስፌት መኪና ላይ ተቀምጠው ከሠላሳ ዓመት በላይ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍተዋል። እርሳቸው ለክተው የሰፉት ልብስ ለማስተካከል ሲመለስ ያየ የለም።

ትዳር አልመሠረቱም። ጠያቂ ጠፍቶ ግን አልነበረም፤ ለምን ሲባሉ «ልኬ አልተገኘማ» እያሉ ያስቁን ነበር።

በ2007 ዓ.ም. የሕፃናት ማሳደጊያ ልጆችን ሊለኩ ሄደው፣ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ የሜትሩን ጫፍ ይዛ አልለቅም አለቻቸው። ሊያሳድጓት ሲነሡ የተቃወመው ይህን የሚጽፈው ታላቅ ወንድማቸው ነው። «ባል የሌላት ሴት፣ ዘሯ የማይታወቅ ልጅ ይዛ ምን ልትሆን ነው? የሰው ልጅ የሰው ነው» ብሎ የቤተሰብ ስምምነቱን አልፈርምም አለ። ጉዳዩ ሁለት ዓመት ተጓተተ። እርሳቸው በየቅዳሜው እየሄዱ ይጠይቋት ነበር፤ ልጅቷም በየቅዳሜው ሲለዩዋት ታለቅስ ነበር። የዚያ ሁሉ እንባ ምክንያት እርሱ ነው፤ ዛሬ በሰው ፊት ያምናል።

በ2009 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ያለ እርሱ ፊርማ ፈቀደላቸው። ከስፌት መኪናው አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ አድርገውላት፣ እርሷ የቤት ሥራዋን እየሠራች እርሳቸው እየሰፉ አሳደጓት።

ባለፈው ዓመት በጉበት ሕመም ተያዙ። ሐኪሙ ቁርጡን ሲነግራቸው ጨርቅ ገዝተው፣ ልጃቸው ከስምንተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምትለብሳቸውን አምስት ዩኒፎርሞች ሰፉ። ልጅቷ በዚያው ሰሞን አጎቷን በረንዳ ላይ ጠርታ «እማ ከሞተች ወደ ማሳደጊያው ትመልሱኛላችሁ?» አለችው። «ቤትሽ እኮ ነው፣ የት ትሄጃለሽ?» አላት። አላመነችውም፤ አይፈረድባትም።

ከማረፋቸው ሁለት ሳምንት በፊት የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉን ዩኒፎርም ለበሰችላቸው። ገና በአሥራ ሦስት ዓመቷ አጠራት። ወንድማቸው ደንግጦ፣ ተሳስተው የማያውቁት እህቱ እንዴት እንደተሳሳቱ ጠየቃቸው። «እኔ ቁመት የጨረስኩት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ እናታችንም እንደዚያው። እሷ ከማን ታመጣዋለች ብዬ ነው» አሉ። አለመውለዳቸው ትዝ ያላቸው ይህን ከተናገሩ በኋላ ነው። ወንድማቸው ከክፍሉ ወጥቶ አለቀሰ።

ሜትሬ ሰኔ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የመጀመሪያው ረቂቅ «ሳይወልዱ አለፉ» ይል ነበር፤ ወንድማቸው ሰርዞታል። ሁለት ወንድሞችና አንዲት ሴት ልጅ ትተዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋግ እናቶች ጎን ያሳርፍልን። ልታጽናኑን የመጣችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ከእኛ በፊት ልጃቸውን አጽናኑ። ከሣጥኑ በስተቀኝ የቆመችው፣ ከሁላችንም የረዘመችው ናት።