ግንባርሽን ጠርገሽ እንዳትመጪ

ውድ ፑንጎዲ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ወላጆችሽ ቤት ከገባሽ ወዲህም ማራቲኛሽ አልተበላሸም፤ «ክርን» የሚለውን ቃል ብቻ አሁንም ተሳስተሽ ጽፈሽዋል። ክርን ድሮም አስቸግሮሽ ነበር።

ልጄ ማካራንድ ከታሚሎች አገር አግብቶ ሲያመጣሽ ከኛ ከማራቲኛ አንድ ቃል አታውቂም ነበር። በመጀመሪያው የዲዋሊ በዓል ጠዋት፣ እንደ ወጋችን ከመታጠብሽ በፊት የሰሊጥ ዘይት ልቀባሽ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ስለኖርኩ እጄ ያለ አፌ መሥራት አይችልም። ራስሽን ስቀባ «ዶከ»፣ ጆሮሽን ስይዝ «ካን»፣ ትከሻሽ ላይ ስደርስ «ካንዳ» እያልኩ፣ አጥርተሽ ካልደገምሽው ወደሚቀጥለው አላልፍም አልኩ። ክርንሽ ላይ «ኮፐር» አልወጣልሽ አለ፤ እኔም ማሸቴን ቀጠልኩ።

«እማዬ፣ ኧረ ልጅቷ ተላጠች!» አለ ማካራንድ ከበሩ ውጭ።

«አርፈህ ቁጭ በል! ተራህ ሲደርስ አንተንም እጠይቅሃለሁ።»

በመጨረሻ የባለትዳር ሴት ምልክት የሆነውን ቀይ ዱቄት፣ ኩምኩሙን፣ በጣቴ አንስቼ ግንባርሽን ቀባሁልሽና «ከፓል» አልኩሽ። ይህን አንዴ ሰምተሽ ያዝሽው። ቃል ብቻውን ስለማይበቃኝ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ንገሪኝ አልኩሽ። «ይህ ግንባር የኔ ነው» አልሽ፣ ቀስ ብለሽ።

ከዚያ ያ ክፉ ትኩሳት ልጄን ወሰደው። ጎረቤታችን ጎዳቫሪ ሴቶቹን አስከትላ፣ እርጥብ ጨርቅ ይዛ መጣች።

«ነይ ልጄ፣ ቶሎ እንጨርሰው። ባል የሞተባት ሴት ኩምኩም አታደርግም።»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልሽ። እንባሽ እየወረደ፣ ድምፅሽ ግን ሳይንቀጠቀጥ «ይህ ግንባር የኔ ነው» አልሻት። እኔ ያስተማርኩሽ ዓረፍተ ነገር፣ አንድም ስህተት የለበትም።

ጎዳቫሪ ወደ እኔ ዞረች። «ቫትሳላ! ምራትሽን ምንድን ነው ያስተማርሻት?»

«የሰውነት ክፍሎችን» አልኳት። ጨርቁን ከእጇ ተቀብዬ የነጠበውን ውሃ ከወለሉ ላይ ጠረግኩበት።

በዚያ ቀን በልቤ የነበረውን አልነገርኩሽም። ባሌ ሲሞት የእኔን ግንባር የጠረገችው አማቴ ናት። ያኔ ካንቺ በዕድሜ አንስ ነበር፤ ሕፃኑ ማካራንድ ደረቴ ላይ ተኝቶ ነበር። ፊቴን ሰጠኋት። መምህራን በአለንጋ ያስተማሩኝ፣ የእያንዳንዱን አጥንት ስም አጥርቼ የማውቅ ሴት፣ «የኔ ነው» የምትለዋን ሰው ሳይነግረኝ አረጀሁ። ያን ቀን ጨርቁን ይዤ ወለሉ ላይ የቆየሁት ካንቺ አፍ ስለሰማኋት ነበር።

አሁን ደግሞ ለዲዋሊ ስትመጪ ሰው እንዳያማኝ ግንባርሽን ልትጠርጊ እንደሆነ ጽፈሽልኛል። እንዳትሞክሪው! ጎዳቫሪ ማውራቷን አትተውም፤ ለእሷ ወሬ የሚሆን ጆሮ አለኝ፣ ሁለት። አንቺ ግን ግንባርሽን ጠርገሽ ከመጣሽ በሩን አልከፍትልሽም።

ይልቅ ኩምኩምሽን በዛ አድርገሽ ያዢ። ዘይቱን እኔ አዘጋጃለሁ። ዘንድሮ በርጩማው ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ የምትቀቢኝ አንቺ። ከራሴ ጀምረሽ ስሙን እየጠየቅሽኝ ውረጂ፤ ክርኔንም እንዳትዘዪ። ግንባሬን ለመጨረሻ አቆዪው። ጣትሽን ኩምኩሙ ውስጥ ነክረሽ ጠይቂኝ፤ በሙሉ ዓረፍተ ነገር እመልስልሻለሁ።

ደጅ ደጁን የምታይ እናትሽ፣
ቫትሳላ